ባዶ ኤንትሬ

«ውሃ ስንት ትጠጣለች?» አሉ ጋሼ፣ ቀይዋን ኮርቬት አንድ ጊዜ ዞረው ካይዋት በኋላ።

ልጃቸው ቅር አለው። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ፍጥነቷ፣ ቢያንስ ስለ ዋጋዋ ይጠይቁኛል ብሎ ነበር የተዘጋጀው። ጋሼ ግን ጉልምስናቸውን በደርግ ዘመን አሰብ መስመር ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ይነዱት የነበረው ኤንትሬ ከወደቡ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ጣርማ በር እስኪወጣ ድረስ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚጨርስ በቃላቸው ያውቃሉ። ለእሳቸው መኪና ሁለት ዓይነት ነው፤ የፈላና ሊፈላ ያለ።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ ስፖርት መኪና ናት። ውሃ ምናምን አትፈልግም።»

«ሞተር አላት?»

«አላት እንጂ! 490 የፈረስ ጉልበት!»

«እንግዲያው ትጠጣለች» አሉና ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደው ባዶ ጀሪካን አነሱ።

ጉዞው ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ ነው፤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ለቤተሰብ ሰርግ። ኮርቬቷ ሙሽሮቹ የሚሳፈሩባት ስለሆነች መድረስ አለባት። ወንበሯ ግን ሁለት ብቻ ነው። የጋሼ ልጅ ሚስቱን፣ ልጆቹንና አክስቶቹን ጭኖ ሚኒቫኑን መንዳት ነበረበት። ስለዚህ የኮርቬቷ መሪ ለእኔ ደረሰኝ። እግዜር ይስጠው፣ የእህት ልጅ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል። ጋሼም ቫኑ ውስጥ ያለውን ጫጫታ ገመቱና «እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ነኝ» አሉ።

ሚኒቫኑ ከሰው ሌላ ዶሮ ወጥ በባልዲ፣ ድፎ ዳቦ፣ የውሃ ካርቶን፣ እንዲሁም ከፌርፋክስ ጎዳና የተገዛ የእንጀራ ክምር ጭኗል። ፌርፋክስ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ የተሰየመ ሰፈር አለው። የላስ ቬጋስ አካባቢም በ2023 እ.ኤ.አ. የራሱን ሊትል ኢትዮጵያ አግኝቷል። እንጀራ ሞልቶ በተረፈበት ከተማ እንጀራ ጭኖ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ አክስቶቹን ደፍሮ የሚጠይቅም አልተገኘም።

ልንነሳ ስንል ጋሼ ጀሪካናቸውን ሞልተው ይዘው መጡ። ሃያ ሊትር። «የፊቱን ኮፈን ክፈት፣ ውሃዋን ልይ» አሉ። ከፈትኩላቸው። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድ መለስተኛ ሻንጣ የሚይዝ ጥልቅ ሳጥን ብቻ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ፤ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ሞተሩስ?»

«ከወንበራችን ኋላ ነው፣ ጋሼ። ከ2020 ሞዴል ወዲህ ወደ ኋላ ወስደውታል።»

«ራዲያተሩስ?»

«እሱ ከፊት ነው። ግራና ቀኝ ተደብቋል።»

«ሞተሩ ኋላ፣ ራዲያተሩ ፊት!» አሉና ጀሪካናቸውን ሳጥኑ ውስጥ በልኩ የተሠራ ይመስል ቀጥ አድርገው አስቀመጡት። «ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ውሃ ሳይጠማው ይቀራል?»

ዓርብ ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ ከተማው በሙሉ አብሮት ይወጣል። ካሆን ፓስ ዳገት ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከአሁን አሁን እንንቀሳቀሳለን ስንል ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ አፈጠጡ።

«ሁለት መቶ ስምንት! አቁም!»

«ቆመናል እኮ፣ ጋሼ።»

«አጥፋው! ሁለት መቶ ስምንት ዲግሪ ገብቷል! ቴስታታው ቀለጠ!»

«ፋራናይት ነው፤ በእኛ 98 ማለት ነው።»

ዝም ብለው አሰቡ። «98ም ቢሆን ለመፍላት ሁለት ነው የቀረው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቢሆን ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ ነበር። የመኪና ውሃ ግን ድስት ውስጥ አይደለም ያለው። ከኩላንት ጋር እኩል ተቀላቅሎ፣ በክዳን ታፍኖ፣ በግፊት ነው የሚሠራው። ክዳኑ ደህና ከሆነ 125 ዲግሪ ቢያልፍም አይፈላም። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሎግያ አጠገብ የራዲያተር ክዳን ጠፍቶባቸው ጨርቅ ወትፈው የሄዱ ቀን ሙቀቱ ሳይጨምር ውሃው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚፈላ ዘመናቸውን ሁሉ ሲገርማቸው ኖሯል።

ቁጥሩ ግን አልቆመም። 212፣ 217፣ 221። ጋሼ የበሩን እጀታ ያዙ፤ ሲፈነዳ ሊወርዱ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ከፊታችን አውሮፕላን የሚነሳ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ፋኖቹ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ተንጠለጠለና መውረድ ጀመረ፤ 205 ላይ ሲደርስ ድምፁም ሰከነ። የድሮው ፋን በሞተሩ ቺንጊያ ስለሚዞር መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያዘግም እሱም ያዘግማል፤ ነፋስ በጠፋበት ሰዓት እሱም ይጠፋል። የዛሬው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የሞተሩን ፍጥነት አይጠብቅም። የድሮ ስፖርት መኪና ትራፊክ ውስጥ ትፈላለች የሚለው ስም የተረፈው ከዚያ ዘመን ነው፤ ስሙ እንጂ ፋኑ እስከ ዛሬ አልዘለቀም።

«ማን አዘዘው?» አሉ ጋሼ።

«ራሱ አውቆ ነው።»

«ረዳት አለው በለኛ» አሉና የበሩን እጀታ ለቀቁ።

ከቪክተርቪል በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ባርስቶውን አልፈን ቤከር ደረስን። ቤከር ነዳጅ ማደያና ምግብ ቤት ያላት ትንሽ የበረሃ መንደር ናት፤ የምትታወቀው በዓለም ረጅሙ ነው በሚባለው ቴርሞሜትሯ ነው። ቁመቱ 134 ጫማ ነው፤ 41 ሜትር ያህል። ምክንያቱም ሐምሌ 10 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው ዴዝ ቫሊ 134 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 56.7 ሴልሺየስ ስለተመዘገበ ነው። እኛ ስናልፍ 114 ይላል፤ 45 ሴልሺየስ ተኩል። ጋሼ ማማውን አንጋጠው አዩትና «ዱብቲ» አሉ፣ የአፋሩ በረሃ እንደ ናፈቀው ሰው።

ከቤከር በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። መንገዱ 280 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው መንደር ተነስቶ ሳይቸኩል 1,200 ሜትር እስኪያልፍ ይወጣል። መግቢያው ላይ ምልክት ተተክሏል። ጋሼ ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ሞተር እንዳይፈላ ኤሲ አጥፉ ይላል።

«አጥፋ» አሉ።

«ጋሼ፣ እሱ ለአሮጌና ለተጫነ መኪና ነው…»

«ምልክቱ ስም ጠርቷል? አጥፋ አልኩህ!»

አጠፋሁ። ታላቅ ሲያዝ ምን ይባላል? ምልክቱም ቢሆን ከመሬት ተነስቶ የተተከለ አይደለም። ኤሲ ከመኪናው ውስጥ ያወጣውን ሙቀት የሚተፋው ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ ላይ ለራሱም ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ዳገት ላይ ለሚያቃስት መኪና ሁለቱም ሸክም ነው። የእኛዋ ግን አላቃሰተችም። ያቃሰትኩት እኔ ነኝ። ከኋላችን 6.2 ሊትር ሞተር፣ ከአናታችን የሞሃቬ ፀሐይ፣ እኔ ለሰርግ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ። ላቤ ከግንባሬ ተነስቶ ወገቤ ጋ ሲደርስ ጊዜም አልወሰደበት። ጋሼ ከረባታቸውን እንኳ አላላሉም። የዳሽቦርዱ ቁጥር 203 ላይ እንደተተከለ ነው።

«ለምን አይጨምርም?» አሉ በመጨረሻ፤ ቅሬታ ያለበት ድምፅ ነው።

ስፖርት መኪና በተራ መንገድ ይሞቃል ወይ የሚለው የብዙ ሰው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነበር፤ እኔም በላብ እየታጠብኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ሞተር ነዳጅ ሲያቃጥል ከሚያገኘው ኃይል ሲሦ ያህሉ መኪናውን ይገፋል፤ ሲሦው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የቀረው ሲሦ ውሃው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚበዛው በተጠየቀው ጉልበት ልክ ነው። ይቺ መኪና ይህን ዳገት በዚህ ፍጥነት ስትወጣ የምትፈልገው ስድሳ ፈረስ ቢሆን ነው። ራዲያተሮቿና ፋኖቿ የተሠሩት ግን ለ490ው ነው።

«ስድሳው ሲሠራ አራት መቶ ሠላሳው ምን ያደርጋል?»

«ምንም።»

ጋሼ በመስኮት ወደ በረሃው ዞረው ቆዩ። ከዚያ ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ገባኝ! ኤንትሬም እኮ ወደ አሰብ ባዶውን ስንወርድ ፈልቶ አያውቅም። ያው በረሃ፣ ያው ፀሐይ። የሚፈላው ጭነን ስንመለስ ነው። ይቺ ዕድሜ ልኳን ባዶዋን ነው የምትሄደው!»

እኔ መጻሕፍት አገላብጬ ይህን ያህል አጭር አድርጌ መናገር አልቻልኩም ነበር። ጋሼ ቀጠሉ፤ «መቼ ነው ታዲያ የምትጫነው?»

ሬስ ሜዳ ላይ። እዚያ እግር ከነዳጅ መስጫው አይነሳም፤ ዙር በዙር ላይ ሲደራረብ ውሃው ብቻ ሳይሆን የሞተሩም የማርሹም ዘይት፣ ፍሬኑም ይግላል። የዚህችው መኪና ታላቅ እህት የሆነችው የ2015 ዚ-06፣ ባለ 650 ፈረሷ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ መጥቶባታል፤ የባለቤቶቹ አቤቱታ ሜዳ ላይ ስትነዳ ሞተሯ ይግላል የሚል ነበር። ቡጋቲ ቬይሮን ደግሞ 1001 የፈረስ ጉልበቱን ለመሸከም አሥር ራዲያተር ይዟል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አማተቡ። «አሥር! ረዳቱ አሥሩንም ይሞላል?»

ስፖርት መኪና ከተማ ውስጥ የሚጎዳው፣ ከሙቀት ይልቅ በቅዝቃዜ ነው ቢባል ይሻላል። ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን ይዘገያል። ዳቦ ሊገዛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚሄድ፣ ዘይቱ ሳይሞቅለት ነዳጅ የሚረግጥ፣ ተመልሶ የሚያጠፋ ባለቤት ከየትኛውም በረሃ የባሰ ነው። (የጋሼ ልጅ ዳቦ የሚገዛው በኮርቬት ነው። ስሙን አላነሳሁም።)

«ኤሲውን ክፈት» አሉ ጋሼ። ከዳኛ ፍርድ የማይተናነስ ውሳኔ ነበር።

ቀዝቃዛው አየር ፊታችንን ሳይመታ መንገዱ ዳር አንድ የምናውቀው ሚኒቫን ታየን። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ እንፋሎት ይትጎለጎላል። አክስቶቹ በነጠላ ተከናንበው የቫኑ ጥላ ስር ተደርድረዋል፤ ልጆቹ ድፎውን ጀምረውታል። የጋሼ ልጅ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሊሄድ ነው።

«እንዳትነካው!» ጋሼ ከዚያች ዝቅተኛ ወንበር እንዴት እንደተነሱ እስካሁን አልገባኝም። «ሞተሩ ሳይበርድ ክዳን አይከፈትም! ፊትህን ልትላጠው ነው?»

ኮታቸውን አውልቀው ለአንዷ አክስት ሰጡ። እኔ ጀሪካኑን አወጣሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ፤ ጋሼ ብቻ ቫኑን እየዞሩ የተጫነውን ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ክዳኑን በዝግታ ፈቱት፤ ገልብጠውም የጎማውን ቀለበት አሳዩን። ተሰነጣጥቋል። «ይኸው ሎግያ» አሉኝ። ግፊት የማይዝ ክዳን፣ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ምግብ፣ 45 ዲግሪ፣ በዚያ ላይ ኤሲው መጨረሻው ላይ። የጀሪካኑ ውሃ ሲገባ የጋሼ ልጅ ቀና ብሎ አላየም።

«አሁን በቀስታ ትሄዳለህ፤ ኤሲ የለም፤ ማሞቂያውን መጨረሻ ላይ ክፈት» አሉ ጋሼ።

«ማሞቂያ?!» አሉ አክስቶቹ በአንድ ድምፅ።

ማሞቂያውም ትንሽ ራዲያተር መሆኑን፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ እንደሚስብ ለማስረዳት አፌን ስከፍት የጋሼ ልጅ ቀደመኝ። አዲስ ክዳን የሚገኘው ላስ ቬጋስ ስለሆነ አንድ ሰው ቶሎ መድረስ አለበት፣ መኪናዋን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቃት የለም አለ። ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ኮርቬቷ አንዴ አጓራችና ከዓይናችን ጠፋች።

እኔ የቫኑን መሪ ያዝኩ። ጋሼ ከጎኔ፣ ማሞቂያው ሙሉ፣ መስኮቱ ሙሉ፣ ዶሮ ወጡ ከኋላ እንደ አዲስ መሽተት ጀምሯል። ማውንቴን ፓስ ገና ይቀረናል፤ 1,440 ሜትር። ከባድ መኪናዎች እየቀደሙን፣ ልጆቹ «ደረስን?» እያሉ፣ አንዷ አክስት ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ወጣነው። ጋሼ ዓይናቸውን ከጌጁ አልነቀሉም፤ እንዲህ ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ የጋሼ ልጅ ክዳኑን ይዞ ቆሟል። ሻወር ወስዷል፤ ሱፉ አንድ መስመር አልተጨማደደም። ጋሼ ክዳኑን ተቀብለው የጎማውን ቀለበት በአውራ ጣታቸው ፈተሹት።

«ያንተዋስ ፈላች?»

«ኧረ አባዬ! 200 እንኳ አላለፈችም!»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ፣ የእንጀራውን ክምር ከቫኑ አንስተው እያሸከሙት። «ባዶህን ነው የሄድከው።»