ባሕር በባልዲ

ብርቱካናማ መነጽር አድርጌ ቆሜያለሁ። በገዛ ፈቃዴ አይደለም። ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ፣ «ሪፋፓሉዛ» ወደሚሉት የኮራልና የጨው ውሃ ዓሣ አፍቃሪዎች ትርዒት ጎትቶ ያመጣኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አዳራሹ በሰማያዊ መብራት ተጥለቅልቋል። የሻጩ ፊት ሰማያዊ፣ የገዢው ጥርስ ሰማያዊ፣ ከዶላሩ በቀር ሰማያዊ ያልሆነ ነገር የለም።

«መነጽሩ ለምኑ ነው?» አልኩት።

«ሰማያዊውን ያጠፋልሃል፤ የኮራሉን ትክክለኛ ቀለም ታያለህ።»

ብልሃቱን ልብ በሉልኝ። ኮራሉ እንዲያብረቀርቅ ሰማያዊ መብራት ይገዛል፤ ከዚያ ሰማያዊው እንዳይታይ መነጽር ይገዛል። ያንኑ ኮራል በቀን ብርሃን ቢያዩት ብዙ ጊዜ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው። ፀሐይ ግን በዚህ ትርዒት ላይ ቦታ አልተከራየችምና አስተያየቷን የሚጠይቃት የለም።

ይህን ሁሉ የምለው ለማሾፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሥልጣኔ ሲያብብ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። የውሃውን ነገር ብቻ ውሰዱ። ባለ ገንዳው የቧንቧ ውሃ ይቀዳል። ቀጥሎ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ አሳልፎ፣ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ሊትር ወደ ፍሳሽ እየለቀቀ፣ በውስጡ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ ያስወጣል። መለኪያው ዜሮ ሲል እልል ይላል። ከዚያ ሱቅ ሄዶ ጨው በባልዲ ይገዛና ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይበጠብጥበታል፤ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ስትሮንሺየሙን። ያባረረውን ካልሲየም በክብር አስመለሰው ማለት ነው፣ የመጓጓዣውንም ከፍሎ።

ከባልዲዎቹ በአንደኛው ላይ «ሬድ ሲ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። የኩባንያው ስም ነው፤ ቀይ ባሕር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አገራችን ኢትዮጵያ ወደብ ካጣችበት ከ1993 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ወደብ፣ ወደብ እያልን ስንት ውይይት፣ ስንት ንግግር፣ ስንት የሌሊት ክርክር አሳለፍን! ለካስ ቀይ ባሕር እጀታ ተገጥሞለት፣ መክደኛ ተደርጎለት፣ ፍሎሪዳ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንዱን ባልዲ አንሥቼ መዘንኩት። ለአንድ ሰው ከበድ ይላል፤ ለሁለት ግን አያቅትም።

ወደ መብራቶቹ አለፍን። አንዱ ብቻውን 900 ዶላር ገደማ ነው፤ ለመካከለኛ ገንዳ ደግሞ ሁለት ሦስት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ይገባዋል እንጂ! ጠዋት ቀስ ብሎ ያነጋል፤ ማታ ቀስ ብሎ ያመሻል። ጨረቃን ከጠፍ እስከ ሙሉ ያወጣል። ደመና ያሳልፋል። በስልክ ሲታዘዝም መብረቅ ይሠራል። ከሐሩር ባሕር በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ዓሣ ሳሎን ውስጥ ሆኖ መብረቅ ቢናፍቀውስ? ለሱም ታስቦለታል።

ዋናው ጉድ መርማሪው ማሽን ነበር። የሣጥን ያህል ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ከገንዳው ውሃ እየሳበ አልካሊኒቲውን፣ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን ራሱ ይለካል። ውጤቱን ለሌላ ማሽን ይነግረዋል። ያኛው ለሦስተኛው ፓምፕ ትእዛዝ ይሰጣል። ሦስተኛው ጠብ ያደርጋል። አራተኛው ሦስቱ ሥራቸውን መሥራታቸውን ይቆጣጠራል፤ የተጣላ ካለ በሌሊት ስልክ ላይ ይጮኻል። ቢሮክራሲ ነው፤ ማኅተም ብቻ ጎደለው። ይህም ካላጠገበ ውሃው በብልቃጥ ታሽጎ ወደ ቤተ ሙከራ፣ አንዳንዴም እስከ ጀርመን ድረስ በፖስታ ይላክና ከ30 በላይ ንጥረ ነገሮቹ ተቆጥረው ይመለሳሉ። የአክስቴ ልጅ በየወሩ ይልካል። የራሱን ደም ስኳር ከተለካ አራት ዓመት አልፎታል።

አንድ ጥግ ላይ ሰው ተጋፍቷል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የኮራል ቁራጭ በመቶ ዶላሮች እየተሸጠ ነው። ዋጋው በስሙ ነው እንጂ በሥጋው አይደለም። አንዱ ዘር «ዋልት ዲዝኒ» ይባላል። ሌላው ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ትዳር አፍራሽ» ነው። ይሄኛውን ያወጣው ሰው ሐቀኛ መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሚስትየው ደረሰኙን ስታይ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ነግሯል።

እዚያው ፍሎሪዳ፣ ከአዳራሹ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ፣ እውነተኛ ኮራል ያለበት እውነተኛ ባሕር አለ። በሐምሌ 2023፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ማናቲ ቤይ ላይ የተተከለ መለኪያ የውሃውን ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሴልሺየስ አስነበበ። ሰው በዚህ ይታመማል፤ ትኩሳት ነው። ያን ሰሞን ኮራል የሚያድኑ ሰዎች በጀልባ እየጫኑ ከባሕር አውጥተው የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹት። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የዓለም ኮራል ለአራተኛ ጊዜ በጅምላ እየነጣ መሆኑ በይፋ ተነገረ። ጥፋቱ የባሕሩ ነው። አፕ የለው፣ ማስጠንቀቂያ ደወል የለው፣ ዋስትናውም ካለፈ ቆይቷል። የአክስቴ ልጅ ገንዳ ግን 25.5 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማቀዝቀዣው የውሃውን ሙቀት ወደ ሳሎን ይተፋል፤ የሳሎኑ ኤርኮንዲሽነር ወደ ውጭ ይተፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ጉዳይ አይደለም።

ለፍርድ ያህል አንድ ነገር ልበል፤ ኮራል ገንዳ ውስጥ እንዴት ኖሮ እንዴት እንደሚራባ በብዙ ሙከራና በብዙ ኪሳራ ከተማሩት መካከል እነዚህ ባለ ሰማያዊ ጥርስ ሰዎች አሉበት። የሸሸው ኮራል ገንዳ ውስጥ መኖር የቻለው በዚህ ዓይነት እውቀት ነው። ይህን ክብራቸውን አልነካም። ግን በአዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ሰዓት ስንዞር ስለ ዓሣ ያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ወሬው ስለ ዋት፣ ስለ ፓምፕ ድምፅና ስለ አዲሱ ሞዴል ነበር።

ስንወጣ የአክስቴ ልጅ ሁለት ነገር ገዝቶ ነበር፤ ምግብ ሲበዛ ውሃው ውስጥ የሚጨምረውን ፎስፌት የሚለካ ተጨማሪ መርማሪና በሰዓቱ ምግብ የሚበትን ማሽን። ሁለተኛው ከነገሩ ሁሉ አስገረመኝ። ያን ገንዳ ቁጭ ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር እናቱ ናት። አክስቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ቡናዋን ይዛ ከመስታወቱ ፊት ትቀመጣለች። ብርቱካናማውን ዓሣ «ሻምበል» ትለዋለች፤ ነጭ ማዕረግ ስላለበት። በቀን ሁለቴ በጣቷ ቆንጠር እያደረገች የምታበላውም እሷ ነበረች።

«እማዬ፣ ከአሁን በኋላ አትልፊ፤ ማሽኑ ያበላቸዋል» አላት።

«ተባረክ ልጄ» አለችው።

በሳምንቱ ስሄድ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ፊቱ ጠቁሯል። ፎስፌቱ ከ0.03 ወደ 0.12 ወጥቷል። ምግብ የሚበትነውን ማሽን ሦስት ጊዜ አስተካክሎታል። መርማሪውንም ጠርጥሮ ሌላ መርማሪ ሊያዝ ነው፤ ፎስፌት የሚያጠፋውም ዕቃ ቅናሽ ላይ ነው አለኝ። ሻምበል ከመስታወቱ ጋር ተለጥፎ፣ በጣም ወፍሮ፣ አክስቴን ትክ ብሎ ያያል። አክስቴ ወደኔ ዞር አለችና ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገች።

«ግዛው» አልኩት፤ «ሁለቱንም ግዛ።»