ዐቃቤ ሰዓት ዘድረ ገጽ

ጉግል በ2005 እ.ኤ.አ. ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ጉግል አናሊቲክስን በነጻ ካደለ ወዲህ፣ ድረ ገጽ ያለው ሁሉ፣ ነጋዴውም መሥሪያ ቤቱም፣ ገቢ ወጪውን የሚቆጥርለት፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ዐቃቤ ሰዓት አግኝቷል። የዚህ ሹም ፍርድ ግን ረቂቅ ነው። በ2023 በተሻረው በቀድሞው ሥርዐት፣ አንድ አንባቢ ዐይኑን ከገጹ ሳይነቅል ሩብ ሰዓት አንብቦ፣ የሚሻውን ዕውቀት ገብይቶ፣ ሌላ ሳይነካ ቢወጣ፣ ሁለተኛ ገጽ ካልተከፈተ የሰዓቱ ፍጻሜ አይታወቅምና፣ ቆይታው ዜሮ ተብሎ ይጻፍና ከደጅ ከተመለሱት ጋር ይደመር ነበር። ስልክ ቁጥር ፍለጋ ከገጽ ወደ ገጽ የሚንከራተተው ምስኪን ግን ትጉህ ጎብኚ ተብሎ ይመሰገናል። አዲሱ ሥርዐት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ርኅሩኅ ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ገጹን ከፍቶ የቆየውን፣ ፊቱን ወደ ሻዩ ያዞረም ቢሆን፣ ከተሳታፊዎች ይቈጥረዋል። የሕዝብ ግንኙነት ሹሙም በወሩ መጨረሻ ሽቅብ የሚወጣውን መስመር በቀለም አስጊጦ ለበላዮቹ ያቀርባል፤ «ስልክ ቁጥሩን ከፊተኛው ገጽ ላይ ብናደርገውሳ?» የሚል የዋህ ጸሐፊ ቢነሣ፣ ቁጥራችንን ሊያወርድብን ነው ተብሎ ይገሠጻል።