ጎጃሜ፣ ቆለኛ፣ ነዋሪ፦ ሰውን በስፍራው ስለ መሰየም

አማርኛ ሰውን በአገሩ ሲጠራ ከስፍራው ስም ኋላ ቅጥያ፣ ማለትም ለብቻው መቆም የማይችል የቃል ጭራ፣ ያስከትላል፤ ከቅጥያዎቹም ሁሉ ሥራ የበዛበት ‹-ኤ› ሲሆን ጎጃምን ጎጃሜ፣ ጎንደርን ጎንደሬ፣ መንዝን መንዜ ያሰኘው እርሱ ነው። ይኸው ቅጥያ ግን ደርቦ የባለቤትነት አመልካች ሆኖ ስለሚሠራ፣ ‹ቤቴ› ያለ ሰው ቤቱ የራሱ መሆኑን እንደሚያስታውቅ ሁሉ፣ ‹ጎንደሬ› ያለም ስለ ጎንደር ሰው ይሁን ጎንደርን የግሉ ስለ ማድረጉ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ንብረቱንና ባለንብረቱን በአንድ ድምፅ ማጠቃለል ለቋንቋው ቁጠባ ቢሆንም፣ ለመሬት አስተዳደር ምን ያህል እንደሚበጅ ለሚመለከተው ክፍል የሚተው ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች የሚለያዩት የስፍራው ስም በራብዕ ፊደል ሲያልቅ ነው፤ ‹አበባዬ› የአትክልተኛ ወይም የአፍቃሪ ቃል ሲሆን ‹አዲስ አበቤ› ግን የከተማዋ ሰው ነው፣ ሸዋና ቡልጋም በዚሁ መንገድ ሸዌና ቡልጌ ይሰጣሉ። ከሥርዓቱ ውጭ የቀረው የባሌ ሰው ነው፤ የአገሩ ስም ራሱ በ‹ኤ› አልቆ ስለሚጠብቅና ያገባች ሴት ሁሉ ያንኑ ቃል ለሌላ ጉዳይ ስለምትገለገልበት ቅጥያው የሚያርፍበት ቦታ አልተገኘም። ‹የባሌ ሰው› በሚለው ሐረግ ችግሩን ለመፍታት ተሞክሯል፤ ይሁን እንጂ ይህም ለባለትዳሮች የአማት ወገን እንግዳ መጣ ማለት ስለሆነ መፍትሔው ከግማሽ አያልፍም።

የአየር ጠባይን የሚከተለው ስያሜ ‹-ኛ›ን ይወስዳል፤ ቆላ ቆለኛን፣ ደጋ ደገኛን ያስገኛል። ቅጥያው ከፈረስ ፈረሰኛን፣ ከነገር ነገረኛን፣ ከእስር እስረኛን ያወጣ በመሆኑ፣ ቆለኛነት ሙያ ይሁን ጠባይ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሰዋስው አንጻር እልባት አላገኘም። ‹-አዊ› የተባለው የግእዝ ቅርስ በአንጻሩ ባለማዕረግ ነው፤ ኬንያዊንና ግብፃዊን ለመሰለ ባለፓስፖርት እንጂ ለአውራጃ ሰው በቀላሉ አይሰጥም፣ ‹አዲስ አበባዊ› ነኝ የሚልም አይሰማም። ቅጥያው ወደ ላይ ርቆ የሰማይ የሆነውን ሁሉ ‹ሰማያዊ› ብሎ ነበር፤ ቃሉ ዛሬ በአብዛኛው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ይገኛል።

ትልቁ እንቆቅልሽ ‹ባላገር›ና ‹ከተሜ› ናቸው። ባላገር፣ ቃሉ ሲተነተን፣ ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ነው። ከተሜ ደግሞ ከ‹ከተመ› የሚወጣ ሲሆን፣ ከተማ ጥንት ንጉሥ ወይም ጦር ድንኳን ተክሎ የሚሰነብትበት ስፍራ ነበር፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ የወረደ ሰፈር ነበረችና መንደሮቿ ዛሬም ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር መባልን አልተዉም። እንግዲህ ድንኳን የተከለው የአገሩን ባለቤት «አንተ ባላገር!» ብሎ ሲሰድበው፣ የተሰደበውም ስድብ መሆኑን ተረድቶ ሲከፋው ይታያል፤ ሁለቱም መዝገበ ቃላት አለማየታቸው ለከተማው ሰላም ጠቅሟል።

መንግሥትም በስያሜው ጉዳይ እጁን ያስገባበት ጊዜ አለ። በሽግግሩ ዘመን ክልሎች በቁጥር ሲጠሩ አዲስ አበባ ክልል 14 ተብላ ነበር፤ ሆኖም ‹አሥራ አራቴ› የሚለው ቃል አስቀድሞ ‹አሥራ አራት ጊዜ› በሚል ትርጉም ተይዞ ስለቆየ ሕዝቡ በቁጥሩ ሳይጠራ ዘመኑ አለፈ። ሕዝቡ ራሱ የሚወደው የ‹ልጅ› ስያሜ ነው፤ የመርካቶ ልጅ ጥርሱ ረግፎ የልጅ ልጅ ቢያይም ልጅነቱ አይነሣም፣ በዕድሜ የሚያንሰው የገጠር ሰው ግን ገና በሃያ ዓመቱ ‹ሰውዬው› ነው። ከዚህ ሁሉ የተራቀቀው ‹አራዳ› ሲሆን ስፍራው ያለ ምንም ቅጥያ ሰው ሆኗል፤ የሚበዙት አራዶች አራዳ ክፍለ ከተማ አለመኖራቸው ለስያሜው እንቅፋት አልሆነም።

አዲስ አበቤው «የት አገር ሰው ነህ?» ሲባል «አዲስ አበባ» ብሎ ቢመልስ እንዳልመለሰ ይቆጠራል፤ «አይ፣ ዋናው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ አባት ካልበቃ አያት ይጠራል፣ ጠያቂውም አንድ ወንዝ ወይም አንድ ተራራ ሳይሰማ አይረጋም። ጉራጌው በዚህ በኩል ዕዳ የለበትም፤ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ መልሱን በአውቶቡስ ይሰጣል።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን እነዚህ ሁሉ ቀርተው አንድ ቃል ብቻ ይሠራል፤ እርሱም ‹ነዋሪ› ነው። ትርጉሙ ‹የሚኖር› ማለት ሲሆን፣ መኖሩም በፎቶግራፍና በማኅተም ይረጋገጣል፤ ወደ ሌላ ወረዳ የሚዛወር ሰው ከቀድሞው ‹መሸኛ› የተባለውን ደብዳቤ ማምጣት ስለሚጠበቅበት፣ አሮጌውን መታወቂያ መልሶ አዲሱ እስኪታተምለት ባለው ጊዜ፣ ቃሉ በጥብቅ ሲተረጎም፣ የትም አይኖርም። ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ደግሞ «ነገ ተመለስ» በሚለው ሐረግ ይለካል።