ጅቡም እንቁላል አይስማማውም

እናንተ የዘመን ባልንጀሮቼ፣ ጉልበታችሁን በቅባት እያሻችሁ የልጅ ልጅ የምትጠብቁ ሁሉ፣ እስቲ ስሙኝ። ሰው ምግብ የሚበላበት ዘመን አልፎ ምግብ ሰው የሚበላበት ዘመን መጣ።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ በጃንሆይ ዘመን ቆሎ ቆርጥሜ ያደግሁ ሴት፣ ይኸው በስተርጅና ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል የሜሪላንድ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የዳቦ ላስቲክ አነባለሁ። ዳዊቴን መድገም ሲገባኝ! ልጄ ሥራ ስትሄድ ትታልኝ የምትሄደው የሁለት ዓመት ተኩል እሜቴ እንቁላል አይስማማትም፣ ኦቾሎኒ አይስማማትም፣ ሰሊጥ አይስማማትም። ‹‹አይስማማትም›› ስላችሁ ሆዷን ይነፋታል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከንፈሯ ያብጣል፣ ገላዋ ሳማ እንደነካው ሽፍ ይላል፣ ትንፋሿ ያጥራል። አንድ ቀን አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አያሳየኝ።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነበር? አልነበረም! በተወለድን ማግስት ቅቤ ልሰን፣ ያገኘነውን በልተን፣ ሁሉ ተስማምቶን አደግን። እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አምስታችን ለወግ ለማዕረግ በቅተናል፤ አለርጂ የሚባለውን ስሙንም አናውቀው። ታናሽ ወንድሜን ብቻ እንቁላል በበላ ቁጥር ቡዳ ይበላው ነበር። ፊቱ ድፎ ዳቦ እስኪያህል ያብጣል፤ ጤና አዳም እናሸተዋለን፣ ጨርቅ እናጨስበታለን፣ ሲነጋ ይሻለዋል። ጥፋቱም የማን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን። ያኔ የሚታማው ሰው እንጂ ምግብ አልነበረም።

እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር በሕግ ነው። በምግብ ላስቲክ ላይ በግልጽ ይጻፉ የተባሉ ስምንት ነበሩ፤ እነ ወተት፣ እነ እንቁላል፣ እነ ስንዴ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 አዲስ ሕግ አወጡና ከ2023 መባቻ ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆነ። ደግ አደረጉ አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ማሽኑን አጥቦ ከሰሊጥ ማጥራት ሲከብዳቸው፣ አንዳንዶቹ ሆን ብለው ሊጡ ላይ ሰሊጥ ጨመሩና ‹‹ሰሊጥ አለበት›› ብለው ጻፉ! ሕጉ ጻፉ አለ እንጂ አትጨምሩ አላለማ። ስለዚህ የማውቀውን ዳቦ እንኳ በገዛሁት ቁጥር እንደ አዲስ አነበዋለሁ፤ መነጽሬን አድርጌ፣ አንዴ ሱቅ ውስጥ፣ አንዴ ቤት ገብቼ።

ሐኪሞቹም ያው ናቸው። በ2000 ቤተሰቡ የሚያሰጋ ልጅ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ኦቾሎኒ አይቅመስ ብለው መከሩ። በ2008 ማስረጃ የለውም ብለው ተዉት። በ2015 ለንደን ላይ 640 ሕፃናት ተጠንተው፣ በጨቅላነታቸው ኦቾሎኒ የለመዱት ከተከለከሉት በጣም ባነሰ ቁጥር መታመማቸው ታየ። ነገሩ የተጀመረው እኮ እስራኤል አገር ሕፃናቱ ባምባ የሚባል የኦቾሎኒ ብስኩት እየበሉ ሕመሙ ብዙም እንደማይታይባቸው ተመልክተው ነው። ‹‹አላልኩሽም? ይኸው ትብላ!›› ብላት ልጄ፣ ‹‹እማዬ፣ እሱ ገና ላልያዘው ልጅ ነው፤ አንዴ ከያዛት በኋላ ያለ ሐኪም አይሞከርም›› ብላ አፌን አስያዘችኝ። አፍ የፈታችው ከእኔ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአብሹ ነገር ነው። አብሽ የኦቾሎኒ ዘመድ ነው፣ ኦቾሎኒ የማይስማማውን አንዳንዱን ሰው አብሽም ይነካዋል ተባለና፣ ከአገር ቤት ተሸክሜ ያመጣሁት አብሽ ያለበት ሽሮ ምርመራው እስኪጣራ ቁም ሳጥን ውስጥ ታሰረ። የእኔ ሽሮ! ጉርሻስ ብትሉ? ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል ነበር፤ አሁን እጅ ሳይታጠቡ ማጉረስ ክልክል ሆኗል። ባለፈው ክርስትና ቤት አንዲት ሴት ከዶሮ ወጡ እንቁላል ቆርሳ ወደ ልጅቱ አፍ ስትሰድ፣ ‹‹ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?›› አትልም! እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። የዘንድሮ ሰው ምንም አያውቅም፤ የድሮ ሰው አስተዋይ ነበር።

ደግሞ ጨዋታዋ። ይቺ ልጅ ጅብ አላት፤ የማይታይ ጅብ። ሊፍት ሲከፈት ‹‹ቆይ፣ ጅቡ አልገባም›› ብላ በሩን ታስይዘኛለች። ጎረቤቶች ከውስጥ ያዩኛል፤ እኔ በር ይዤ አየር አሳልፋለሁ። ጅብ ደጃፏ ላይ ሲጮህ ያደገች ሴት ለጅብ በር ትያዝ? እኛ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት የምር ነበር። ጭቃ አቡክተን ዶሮ ወጥ እንሠራለን፣ ጠጠሩ እንቁላሉ ነው፣ ጨርቅ ጠቅልለን ልጅ እናዝላለን፣ ተጋብተን ተፋትተን ሽማግሌ ገብቶ ታርቀን እናመሻለን። ይቺ ግን ባዶ ስኒ አምጥታ ‹‹ቡና ነው፣ ጠጪ›› ትለኛለች። የእኛ ቢያንስ ጭቃ ነበረበት! እጠጣላታለሁ እንግዲህ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን እጠይቃለሁ፤ በረካ ሳይጠጣ አይነሳማ።

በቀደም ደግሞ ጅቡ እንቁላል አይስማማውም ተባለ። አጥንት የሚቆረጥም፣ አህያ ከነኮቴዋ የሚሰለቅጥ ጅብ! እንግዳ ሁሉ ከመቅረቡ በፊት ይጠየቃል። ‹‹እማማ፣ አንቺስ ምን አይስማማሽም?›› አለችኝ።

‹‹ዘመኑ›› አልኳት።

‹‹እሺ፣ ዘመን የለበትም›› ብላ ባዶውን ሳህን አቀረበችልኝ።

ድንገት ሕመሙ ቢነሳባት የምትወጋውን መድኃኒት ደግሞ ተምረናል። ሰማያዊው ቆብ ይነቀላል፣ ብርቱካንማው ጫፍ የጭን ጎን ላይ ተጭኖ ሦስት ይቆጠራል፣ ከዚያ 911 ይደወላል። የምሩ ሁለት ነው፤ ከቦርሳዬ አይለይም፣ ከነጠላዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። መርፌ የሌለው መለማመጃውን ልጅቱ ወርሳው አሻንጉሊቱን፣ ትራሱን፣ የእኔን ጭን ስትወጋ ትውላለች። እዩት እንግዲህ፣ ይሄ መጫወቻ ነው?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለሦስታችን ማዕድ ቀረበ፤ ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለጅቡ። የሌለውን ዶሮ ወጥ በሌለው እንጀራ ላይ አወጣች። ልጎርስ ስል፣ ‹‹እንቁላል አለበት?›› አልኳት፤ ልማድ ሆኖብኝ።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች። ‹‹ነበረ። ጅቡ በላው።››

ወገቤን ረስቼ ብድግ አልኩ። መለማመጃው ሶፋ ሥር ነው፤ በደረቴ ተስቤ አወጣሁት። ሰማያዊውን ነቀልኩ። ‹‹የታል? ጭኑን አሳዪኝ!›› አልኳት።

‹‹እየሮጠ ነው እማማ፣ ያዢው!››

በዚህ ጉልበቴ!