ሮቶ ላይ የተገኘው ሳተርን

ኮምፒውተር ያለው ቴሌስኮፕ ሰማይን ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው ይባላል። ካርቶኑ ተከፍቶ ሲበራ ግን መጀመሪያ የሚፈትነው ባለቤቱን ነው። የት ነህ? ቀኑ ስንት ነው? ስንት ሰዓት ሆነ? ይህን ከመለሱለት በኋላ ሁለት ኮከቦችን በየስማቸው መርጦ፣ በሌንሱ መሐል አስገብቶ «ይኸውልህ» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ነው «ሳተርን» ሲሉት ሞተሩ እያጉረመረመ ዞሮ የሚያሳየው። ሁለት ኮከብ በስም የማውቅ ሰው ብሆን ከሞተር ጋር ምን አታገለኝ?

መሣሪያውን ከቨርጂኒያ በሰው የላከችው እህቴ ናት፤ የላከችውም እኛ ዘንድ፣ ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ፣ ላደገው ልጇ ነው። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሷል፤ ከእኔ ይልቅ ለመመሪያው ቅርብ ነው። ቀኑንም የመረጠው እሱ ነው፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። «ጋሼ፣ ክረምቱ ወጥቷል፤ ጨረቃም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አትወጣም» አለኝ። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም። ብቻ ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ ኅዳር ሲታጠን! በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ሌላው ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ አዲስ አበባን ካረገፋት ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። ማለዳ የተለኮሰው ጭስ እኛ ባለ ሦስት እግሩን ግቢ ውስጥ ስንተክልም ገና ከጣሪያ ጣሪያ ይንጎማለል ነበር።

ለስንፍና የሚሆን አንድ አቋራጭ አለው። ቱቦውን ወደ ሰሜን አዙረህ፣ አስተካክለህ፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ሰጥተህ ኮከብ የማስተዋወቁን ጣጣ መዝለል ትችላለህ። ልጁ አቋራጩን መረጠ። ቀኑን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ገለበጠ፦ ዓመት 2017፣ ወር 3፣ ቀን 12። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበርና ሰዓቱንም 2 አለው። መሣሪያው ሁሉንም እሺ ብሎ ተቀበለ። ጳጉሜን ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ያድነን ነበር።

«ሳተርን» ተጫነ። ሞተሩ ጮኸ፤ ቱቦው ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ደግሞም ዝቅ አለና በደቡብ ምሥራቅ በኩል የጎረቤታችን የእትዬ ሮቶ ላይ አፍጥጦ ቆመ። ዓይኔን ባስጠጋ ጥቁር ነገር ነው።

«ደረስን?» አልኩት።

«ደርሰናል ይላል፣ ጋሼ።»

እትዬ ከበረንዳቸው ሆነው «እናንተ፣ ሮቶዬ ምን አድርጓችሁ ነው የምታፈጡበት?» አሉ። ሳተርን እዚያ ጋ እንደሆነ መሣሪያው ማመልከቱን በአክብሮት ነገርናቸው። ወደ ጣሪያቸው ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ እኛን አዩ።

ኋላ ላይ ሲጣራ መሣሪያው አልተሳሳተም። የገባለት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 12፣ 2017 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 2009። ያን ሌሊት ሳተርን በእውነትም በዚያ አቅጣጫ፣ ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ ነበረች። ሰባት ዓመት ከምናምን ዘግይተን ነው የመጣነው።

ቀኑ ተስተካከለ፤ ሰዓቱም 20 ተባለ። አሁን በደንቡ ሁለት ኮከብ ማስተዋወቅ ቀረ። የልጁ ስልክ ላይ የሰማይ ካርታ አለ፤ እሱ ለእኛ ይነግረናል፣ እኛ ለቴሌስኮፑ እንነግረዋለን። ስልክ ለኮምፒውተር የሚያስተዋውቅበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው። በደቡብ ከፍ ብሎ ፎማልሀውት ተገኘ። በሰሜን ምዕራብ ዝቅ ብሎ ቬጋ መኖር አለበት አለ ስልኩ፤ በጭሱ መሐልም አንድ ደማቅ ብርሃን አለ። መሐል አስገብተን አጸደቅነው። ግን ብርሃኑ ከሌንሱ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሸራተት ጀመር። እንመልሰዋለን፣ ይሸሻል።

ይህኔ የሰፈሩ ዘበኛ ቱቦው አሳስቦት ገባ። መጀመሪያ ፈቃድ እንዳለን ጠየቀ፤ ቀጥሎ በሌንሱ አየና ሳቀ። «እሱ እኮ የፎቁ ክሬን መብራት ነው። እኔ ስጠብቀው ነው የማድረው፤ ንቅንቅ አይልም።»

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ሰማዩም በዚያው ልክ ያልፋል። ጨረቃ የራሷን ስፋት የምታህል መንገድ ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃታል። አጉልተው ሲያዩ ደግሞ ፕላኔት ዓይን አስተካክለው ሳይጨርሱ ከሌንሱ ጥግ ትጠፋለች። ሞተሩ የተገጠመው ይህን መዞር በተቃራኒው ለመከተል ነው። እውነተኛ ኮከብ ከሆነ ሞተሩ ይዞት ይቆያል፤ ክሬን ከሆነ ግን ክሬኑ ቆሞ ሞተሩ ይሄዳል። ዘበኛው ያለ ሞተር ያወቀው ይህንኑ ነው።

እውነተኛዋን ቬጋ ከክሬኑ ጎን አገኘናት። ሳተርን ስንለው ሞተሩ አሁን ወደ ላይ አቀና፤ ራሳችን በላይ ማለት ይቻላል፤ እሷም ገባች። ገብታም ቀረች። ልጁ ጮኸ፤ ግቢው ተሰለፈ። እትዬም ሮቷቸው ነጻ በመውጣቱ ይመስለኛል ቀድመው ቆሙ። አጎንብሰው ቆዩና «ቀለበቱ የታል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰሞን ቀለበቱ ጠርዙን ወደ እኛ ሊያዞር ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበርና ኳሷን እንደ ስንጥር የወጋ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው። ያም መስመር ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዟል። እትዬ ግን በሥዕል ያዩትን ነው የፈለጉት።

ቀጣዩ ተሰላፊ ሲያጎነብስ መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ በሙሉ «ኧረ!» ሲል ሰማዩ ተከፈተ። ጭሱ እያለ እንኳ ቅድም ያልነበሩ ኮከቦች ፈሰሱ። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የከተማው ብርሃን እዚያም ድረስ ይከተላቸዋል። ለኮልፌ ግን አንድ የትራንስፎርመር ብልሽት ይበቃዋል። ችግሩ የእኛም ቴሌስኮፕ የተሰካው ሶኬት ላይ መሆኑ ነው። ሪሞቱ ጠፋ፤ ሞተሩ ዝም አለ፤ የተማረውን ሁሉ ረሳ።

ልጁ ስምንት የባትሪ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ሱቅ ሲሮጥ እኔ ተሰላፊውን በወሬ ያዝኩ። በሰሜን በኩል ያለችው አንድሮሜዳ ናት አልኳቸው፤ ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጓታል። እዚያው ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ኮከብ አለ፤ በመዝገብ ስሙ ኤችዲ 16175። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮችን ስም አውጡ ሲል የእኛ ድርሻ እሱ ሆነና ኮከቡ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። ዘበኛው «ቶናና በረካስ?» አለኝ። እስካሁን አልተገኙም።

ድንጋዮቹ መጡ። ሪሞቱ በራና ጠየቀ፦ የት ነህ? ቀኑ ስንት ነው? ከዚያ ሞተሩ ገና ግማሽ መንገድ ሳይዞር እያቃሰተ ቆመ፤ የሱቅ ድንጋይ ይህን ሁሉ ብረት አይገፋም።

ይህን ዕቃ በሰው የምታስልኩ ሁሉ፣ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በ24 ሙሉለት፤ ድንጋይ ሳይሆን ቻርጅ የሚደረግ ደህና ባትሪ አብሮ ይምጣ። ኅዳር 12ን ለጭሱ ተዉለት። የእትዬን ጥያቄ የምትጠይቁ ካላችሁም፣ ቀለበቱ እየሰፋ ሄዶ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ2024 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር።