ጀርባችን አለቀ

ኧረ የሰሚ ያለህ! ከባሕር ዳር ተነሥተን በመራዊ፣ በወተት አባይና በዱርቤቴ አድርገን ሊበንን አልፈን ቁንዝላ ድረስ በብስክሌት የምንሄድ ሰዎች ተሰብስበን ስናወራ ዳገቱን የሚያማርር የለም። ዳገት ያልፋል። ከዱርቤቴ ወዲያ እንዲያውም መንገዱ በጥቅሉ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ፀሐዩም ያልፋል፤ ጣና ዳር ሲደርሱ ነፋሱ ይቀበላል። የማያልፈው የጀርባ ሕመም ነው። ውሃው፣ ስንቁ፣ መፍቻው፣ የዝናብ ልብሱና ትርፍ ካላማዳሪው ሁሉ አንድ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ታጭቆ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ለሽርሽር የወጣ ሰው የቀን ሠራተኛ ሸክም ተሸክሞ ይመለሳል።

ሸክሙ ቀላል ነው የሚል ካለ ይቁጠረው። በሙቀት መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ሦስት ሃይላንድ ውሃ የያዘ ሰው ቆሎና ዳቦ ሳይጨምር ብዙ ተሸክሟል። ብስክሌት ይህን ያህል ቀርቶ ከዚህ በላይ እጥፍ አድርጎ ይችላል፤ የሚችለው ግን ሸክሙ ብረቱ ላይ ዝቅ ብሎ ሲታሰር ነው። ጀርባ ላይ ሲሆን ሚዛንን ወደ ላይ ይስባል፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይጨምራል፣ ላብ አፍኖ ይይዛል፣ ጠጠር ላይ በተናጥን ቁጥር ትከሻን ይመታል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ብረቱ ላይ አናስረውም? የምናስርበት ስለሌለን ነው!

ድሮ ከቻይና ይመጣ የነበረው ፎኒክስ ከባድና ዘገምተኛ ነበር እንላለን፤ ግን ከኋላ ጎማው በላይ ጠንካራ የብረት ፖርቶመጋላ አብሮት ተሠርቶ ይመጣ ነበር። በላዩ ላይ እህል ተጭኗል፣ ልጅ ተቀምጧል፣ ጀሪካን ታስሯል። ዛሬ ሱቅ ገብተን ብስክሌት ስንጠይቅ የሚቀርብልን ከፊትም ከኋላም ሾክ የተገጠመለት፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ማውንቴን ነው። ሻጩ ዘመናዊ ነው ይለናል። የኋላው ሾክ ብስክሌቱን ያከብደዋል፤ ፔዳል በረገጥን ቁጥር ከፍና ዝቅ እያለ የእግራችንን ጉልበት ይበላል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ ብዙዎቹ ላይ የለም። ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ እንኳ የላቸውም። ክረምት ላይ ከመንገዱ የተነሣ ጭቃ ከወገብ እስከ ማጅራት ይለጠፍብናል። አስመጪዎቻችን ሆይ፣ የምትሸጡልን የብስክሌቱን መልክ ነው፤ እኛ ግን የምንፈልገው ሥራውን ነበር።

ከዚያ መላ መፈለግ ይመጣል። ብየዳ ቤት ሄደን ከፌሮ ፖርቶመጋላ እናሠራለን። የተሠራው ዕቃ ከሚጫንበት ዕቃ እኩል ይከብዳል። የብስክሌቱ ቀጭን ቱቦ በብየዳ እሳት ስለሚዳከም ከጊዜ በኋላ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ብየዳውን የፈራ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ይፈልግና ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ቁራጭ ኮርቻው ሥር ይጠፍራል። መንገድ ላይ ቁራጩ ይላላል፤ ጫፉ ሾልኮ ራጂ ውስጥ ይገባል፤ ጎማው በድንገት ይቆማል። ስንት ሰው በዚህ ወድቋል! በመንገዳችን ያለው የአቸፈር ገበሬ ወደ ገበያ ሲሄድ አህያውን የሚጭንበትን ሥርዓት አይተናል፤ ግራና ቀኙን እኩል አመጣጥኖ፣ መጫኛውን ሁለት ጊዜ አጥብቆ፣ ጥቂት አስኪዶ እንደገና አይቶ ነው የሚለቃት። የእኛ ጭነት ግን አንዱ ጎን ዳቦ፣ ሌላው ጎን መፍቻ ሆኖ ያዘነብላል፤ ለማመጣጠኛ የሚሆን ማንጠልጠያ የሰጠን የለምና። እንዲያም ሆኖ ወዳጅ ዘመድ የሚመክረን ዕቃ ቀንሱ ብሎ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ውሃ ቀንሰን ምን ልንጠጣ?

ጎማውን አስቡት። የብስክሌት የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ብዙውን ክብደት ይሸከማል፤ በዚያ ላይ ካቴናው ባለበት በኩል ያሉት ራጂዎች ከሌላው ጎን ይበልጥ የተወጠሩ ናቸው። ስለዚህ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ ያለው ራጂ ነው። አንድ ራጂ ሲሰበር ቸርኬው ይጠማዘዛል፣ ፍሬኑን ይነካል፣ ቶሎ ካልተቀየረም ጎረቤቶቹን ተራ በተራ ያስከትላል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የሚያቃኑ እጃቸው የተባረከ ጠጋኞች አሉ። ከመራዊ ወዲያ ግን ያለው ጎሚስታ በአብዛኛው የሞተርና የባጃጅ ጎማ የለመደ ነው። እሱ ምን ያድርግ? ከተማ ያለው ሻጭ ባለ 29 ጎማ ብስክሌት ይሸጥልናል፤ የ29 ካላማዳሪ ግን ከሱቁ የለም። ያለው ባለ 26 ነው። ቀጭን ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ የገጠመው ሰው ደግሞ በየመንገዱ ያለው ፓምፕ ሁሉ ለወፍራሙ ቫልቭ የተሠራ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ፓምፕ እንሸከማለን፣ ማስቲሽ እንሸከማለን፣ ትርፍ ካላማዳሪ እንሸከማለን፣ ራጂ እንሸከማለን። ቦርሳችን ያበጠው ቅንጦት ስላበዛን አይደለም። በመንገዱ ላይ የማይገኘው ነገር ሁሉ ጀርባችን ላይ ስለሚወጣ ነው።

መንገዱም ቦታ አይሰጠንም። የአስፋልቱ ዳር ተቦርቡሮ ከጠጠሩ ጋር ደረጃ ሠርቷል። ከኋላ አይሱዙ ይመጣል፤ ጥሩንባውን የሚነፋው ጎናችን ደርሶ ነው። ቦርሳ የተሸከመ ሰው ዞር ብሎ ማየት እንደሚከብደው፣ ሲደነግጥም ሚዛኑን እንደሚስት ሾፌሩ አያስብም። ሚኒባሱ ቀድሞን አልፎ ሰው ለማውረድ ፊታችን ድንገት ይቆማል። ሾፌር ወንድሞቻችን፣ አንድ ሜትር ተኩል ብትርቁን ምን ይጎድልባችኋል? እኛም እኮ ቤት የሚጠብቁን ልጆች አሉን።

ድካም ሲበዛ ወይ ሰዓት ሲመሽ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ መመለስ ያስፈልጋል። ሌላ ጣጣ። የብስክሌት ዋጋ የተቆረጠ አይደለም፤ ረዳቱ ፊታችንን አይቶ ይቆርጠዋል። ከተስማማን በኋላ ብስክሌቱ ከከሰል ጆንያና ከዶሮ ቅርጫት ጋር የመኪናው ፖርቶመጋላ ላይ ይወረወራል። ስናወርደው የማርሽ መቀየሪያው ተጣሞ፣ ራጂው ጎብጦ እናገኘዋለን። በውሃም ቢሆን ያው ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ በቀላሉ የሚዞሩት አይደለም። በአንድ በኩል በብስክሌት፣ በሌላው በኩል በውሃ ቢሆን እንዴት ያለ ጉዞ ይወጣው ነበር! ከባሕር ዳር ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው መርከብ በዘጌና በደቅ አልፎ ቁንዝላ ያድር እንደነበር ያልሰማ ተጓዥ የለም። ቁንዝላ የማደሪያ ወደብ ነበረች ማለት ነው። ግን ጀልባ ላይ ብስክሌት ይዘን ስንወጣ የሚጠብቀን ግልምጫ ነው። ማሰሪያ የለም፣ ጥግ የለም፤ የእህል ከረጢት ሲጫንበት ቆመን እናያለን።

ደርሰን አልጋ ስንይዝም ብስክሌቱን የምናስገባበት አናገኝም። ግቢ ውስጥ ተውት ይሉናል፤ ቢጠፋ ኃላፊነት አንወስድም ይሉና ይጨምሩበታል። ክፍል እናስገባው ስንል ወለል ያቆሽሻል ይባላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ እንዴት ብሎ ይነዳል?

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያደክመው የሰው ዓይን ነው። ትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ሲታይ ወይ ቸግሮት ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል ተብሎ ይታሰባል። መንገድ ላይ አንድ አባት ያስቆሙና በቅንነት፣ «ልጄ፣ ምን ቸገረህ? መኪና አለ እኮ፤ ገንዘብ ጎደለህ እንዴ?» ይላሉ። አዝነው ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ለመዝናናት ነው ሲባሉ ግን ፊታቸው ይጨፈግጋል። ሴት እህቶቻችን የሚሰሙት ከዚህ የመረረ ነው፤ በየመንደሩ ስለ ልብሳቸውና ስለ አቀማመጣቸው የማይባሉት የለም። አንዳንዶቹ በዚህ ተማርረው ረጅም ጉዞ ትተዋል። ይህ ያሳፍራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ታሪክ ያለው ሕዝብ ብስክሌትን የድህነት ምልክት አድርጎ ማየቱ መቼ ነው የሚበቃው?

የሰላም መጥፋት የነሣንንም ሳንናገር አናልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሰው ሕይወቱን እያጣ ስለ ሽርሽር ማንሣት እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም ሰው ያለ ፍርሃት ከከተማ ወጥቶ፣ ውሎ መመለስ መቻሉ የሰላም አንዱ መለኪያ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ከተማው ውስጥ እንሽከረከራለን። ደፍሮ ከከተማ የወጣ፣ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ ብስክሌተኛም በየኬላው ዕቃውን አንድ በአንድ ዘርግፎ፣ አሳይቶ፣ እንደገና ይጠቀልላል። ፍተሻው ምክንያት አለው፤ የሚያሳዝነው ምክንያቱ መኖሩ ነው።

በጎ የተሠራውን አንክድም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መንገድ አለው። በእሱ ላይ ስንነዳ እንደ ሰው ተቆጠርን እንላለን። ሀገሪቱም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ግን ይህ ሁሉ የከተማ ነገር ነው። ከተማው ሲያልቅ የእኛም ቦታ አብሮ ያልቃል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐይቁን ሳያጨስና ሳያስጮህ የሚጎበኝ ሰው ከተፈለገ ከብስክሌተኛ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ለምን አትተዉትም የሚሉን አሉ። እንዴት እንተወው! ጥቅምት ላይ የኑጉ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ የአቸፈር ዳጉሳ አንገቱን ደፍቶ፣ በቆሎው ደርቆ ሲንሿሿ በመካከሉ ቀስ ብሎ ማለፍን የሚያህል ደስታ የለም። መኪና ውስጥ ያለ ሰው አገሩን በመስታወት ያየዋል፤ እኛ ሰላምታ እየሰጠን፣ ሰላምታ እየተቀበልን እናልፋለን። ደክሞን ዛፍ ሥር ስንቀመጥ ጠላ የሚያቀርብልን፣ ስለ ቤተሰባችን የሚጠይቀን ሰው አይጠፋም። ቁንዝላ ስንደርስ ሐይቁ ይከፈታል። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ተጠብሶ ሲቀርብ የቀኑ ድካም ይረሳል። ከዚሁ ዳር የሚነሣው ውሃ በዋሻ ሄዶ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ይህን ያህል ኃይል ከሚነሣበት ቦታ በገዛ ጉልበት መድረስ ሰውን ያኮራል።

ስለዚህ የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አስመጪው ከአሥር ብስክሌት ሁለቱን እንኳ የፖርቶመጋላ ቀዳዳና ፓራፋንጎ ያላቸውን ያምጣ፤ የሸጠውን ጎማ ካላማዳሪም ይያዝ። ባለ ብየዳው ብረቱን በብሎን የሚታሰር አድርጎ ይሥራልን። ባለ መኪናውና ባለ ጀልባው የብስክሌት ዋጋ ቆርጠው ይለጥፉ፤ አንድ ማሰሪያ ገመድም ያዘጋጁ። አልጋ ቤቱ ቁልፍ ያለው ጥግ ይስጠን። ሾፌሩ ራቅ ይበልልን። አላፊው እህቶቻችንን በአንደበቱ አያቁስል። እግሩ የእኛ ነው፤ እሱን ማንንም አልጠየቅንም። ዕቃችንን ከትከሻችን አውርዱልን፤ የቀረውን መንገድ ራሳችን እንችለዋለን።