የመቀመጫዬ አቤቱታ

ይህን ሞተር የነደፈው መሐንዲስ መቀመጫ አለው ወይስ ቆሞ ነው የሚውለው? ሻጩን ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 60 ኪሎ ሜትር ይወስድዎታል» አለኝ። እኔ ስለ ቤንዚን ጠየቅሁት? ስለ ወገቤ ነው የጠየቅሁት! የት እንደሚወስደኝማ አውቃለሁ፤ ወጌሻ ቤት ነው።

እኔ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከበግ ኋላ ስዞር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት እርባታ ሠራተኛ ነኝ። ሞተር ላይ ነው ያረጀሁት። በእኛ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠን ያማሃ ኤጂ 100 ነበር። ለገበሬና ለከብት አርቢ ታስቦ የተሠራ፣ ሰንሰለቱ ከጭቃ እንዲድን ዙሪያውን የተሸፈነ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ ያለው። ሁለት መቆሚያ! የሠራው ሰው ተዳፋት ላይ ሞተር አቁሞ ያውቃል ማለት ነው። ዕቃ መጫኛው ከፊትም ከኋላም፣ ኮርቻው ሰፊና ለአንድ ሰው ብቻ። የዛሬው ኮርቻ ግን ቤተሰብ ሙሉ ይጫንበት ይመስል ረዝሟል፤ ርዝመቱን ከየት አመጡት ብትሉ ከስፋቱ ቀንሰው ነው።

በዚህ ላይ የደብረ ብርሃን መንገድ አለ። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ለቧንቧ ተቆፈረ፣ ለስልክ ተቆፈረ፤ የተነሣው ድንጋይ ሲመለስ ግማሹ ሰጠመ፣ ግማሹ አፈጠጠ። የጎደለው በማን አጥር ሥር እንዳለም እናውቃለን፤ ጎረቤት ስለሆነ ዝም አልን። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ፒስታው ይቀበላል። በየበሩ የተገነባውን ብሬከርማ ተዉት፤ ልጅ ያለውም ይሠራል፣ ዶሮ ያለውም ይሠራል።

«አባባ፣ ሞተሩን ሞዲፋይ እናስደርገው» አለኝ የልጅ ልጄ አንድ ቀን። ደስ አለኝ፤ የሚያዝንልኝ ልጅ አሳደግሁ አልኩ። ለካ እሱ ሞዲፋይ የሚለው የማርሚታውን ሆድ ዕቃ ጎልጉሎ ጥሎ ሰፈሩን ማደንቆር፣ ኮርቻውን አሳስቶ መቁረጥ፣ መሪውን ዝቅ ማድረግ፣ ከሥር ሰማያዊ መብራት መለጠፍ ነው። «መቀመጫህስ?» ብለው «አባባ፣ ስታይል ነው» አለኝ። ስታይል ይቀመጡበታል?

እስቲ ስሙኝ። ሞተር ለማመቻቸት ገንዘብ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ንፋስ መቀነስ ነው። ጎሚስታ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ ቱቦውን ይሰካና ከሌላ ሰው ጋር ወሬ ይይዛል። መለኪያው ጣቱ ነው። ሲበቃው ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን፣ በጫማው ረገጥ ያደርግና «ቆንጆ ሆኗል ጋሼ» ይላል። ከኪሴ የራሴን መለኪያ አውጥቼ ብሰካው 42! ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ለብቻው ለሚነዳ ሰው የፊቱን 25፣ የኋላውን 28፣ ሰው ከተጫነ የኋላውን 32 ትላለች። «ልጄ፣ ምን ልትጭንብኝ ነው?» ብለው «ጠጠር ሲል እኮ ነዳጅ ይቆጥባል» አይለኝም! በዚህ አገር ለነዳጅ የማያዝን ሰው የለም። ጎማ ማለት የመጀመሪያው ሞላ ነው፤ ድንጋዩን ዋጥ ማድረግ ያለበት እሱ ነው። ጎማው ድንጋይ ከሆነ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ መካከል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ደግሞ አስተንፍሱ አለን ብላችሁ 15 እንዳታደርሱት፤ ጉድጓድ ስትገቡ ቸርኬው ካላማዳሪያውን ነክሶ ሁለት ቦታ ይበሳዋል፤ ዞራችሁ ከዚያው ልጅ እጅ ትወድቃላችሁ።

ቀጥሎ አሞርዛተሩ ነው። ከኋላ ግራና ቀኝ ባሉት በሁለቱ አሞርዛተሮች ላይ፣ ሞላው የሚያርፍበት ደረጃ ደረጃ ተደርጎ የተቆረጠ ቀለበት አለ። ቀለበቱ በቁልፍ ሲዞር ሞላው ወይ ይታመቃል ወይ ይለቀቃል። የእኔ ሞተር ሲሸጥልኝ እስከ መጨረሻው ደረጃ ታምቆ ነበር፤ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይጫንበታል ብለው ነው መሰለኝ። በጡረታ አበል የሚኖር ሽማግሌ ምን ያህል ይመዝናል? ሞላው ላዩ ላይ መቀመጤንም አላወቀ። ሁለቱንም እኩል ወደ ታችኛው ደረጃ አወረድኳቸው። እኩል ነው ያልኩት፤ አንዱን ጠበቅ ሌላውን ላላ ያደረገ ኩርባ ላይ ያገኘዋል። ሞተሩ እስትንፋስ ዘራ። ምን አስከፈለኝ? ምንም! መካኒኩ ግን «ጋሼ፣ አሞርዛተሩ ካልተቀየረ አይሆንም» ብሎ የጠራልኝ ዋጋ ሁለት ሙክት ያስሸጣል።

ኮርቻው ላይ ስትደርሱ የሰው ሁሉ ምክር ይጀመራል። ሶፋ ሠሪው ጫን ሲያደርጉት ሁለት ጣት የሚውጥ ስፖንጅ አምጥቶ «ምቾት ማለት ይሄ ነው» አለኝ። በጣቴ ነው የምቀመጠው? ለስላሳ ስፖንጅ ከቤት እስከ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ተጨፍልቆ አልቆ መቀመጫችሁ ከላሜራው ጋር ይተዋወቃል። የሚፈለገው ጠጠር ያለው ነው፤ ከቁርጥራጭ ተፈጭቶ የተጋገረው፣ መልኩ ዥንጉርጉር የሆነው፣ ማንም ዞሮ የማያየው። እሱ ከሥር ይሁን፣ ከላዩ ስስ ለስላሳ ይደረብበት። ሰው የሚቀመጠው በሁለት አጥንቱ ነው፤ ኮርቻው ከኋላ ሰፋ ብሎ አጥንቶቹን ካልተቀበለ ጭነቱን ሥጋ ነው የሚሸከመው፤ እኔ ደግሞ ሥጋ የለኝም። ፊት ለፊት ግን ጠበብ ይበል፣ አለዚያ ሲቆሙ እግር መሬት አይደርስም። ይህን ሁሉ ባስረዳው ሶፋ ሠሪው ኮርቻውን ዘቅዝቆ አየና «መልኩ ያስጠላል እኮ ጋሼ» አለ። መልኩን ማን ያየዋል? ተቀምጬበት!

ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ሙያ ነው፤ አጎዛ። የበግ አገር ላይ ተቀምጦ ከውጭ የመጣ የላስቲክ የኮርቻ ልብስ የሚገዛ ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል። ደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል በቅርብ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሥጋውና ስለ ቁመቱ ሌላ ቀን እንከራከራለን፣ ለኮርቻ ግን የመንዙን የሚያህል የለም። ጠጉሩ ሻካራ ነው ይሉታል፤ ጥቅሙ እኮ መሻከሩ ነው፤ ሲቀመጡበት ቶሎ አይተኛም። በጠጉሩ መካከል አየር ስለሚቀር ቀን አያልብም፣ ማለዳ አይበርድም። በኅዳር ውርጭ ላስቲክ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። አጎዛውን በካላማዳሪያ ቁራጭ ከሥር ጠፍሩት፤ ይለጠጣል፣ አያንሸራትትም፣ ጎሚስታውም በነጻ ይሰጣችኋል፤ ከእሱ የሚገኘው ጥቅም ይኸው ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ፈታችሁ ደብቁት። የራሰ አጎዛ ላይ ተቀምጦ ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሽታው ቀድሞት ይገባል።

ባለቤቴ «የመደቡ አጎዛ የት ሄደ?» አለች። መደብ ጉድጓድ አይገባ፣ መደብ ብሬከር አይዘል፤ አጎዛ ምን ያደርግለታል? ይህን አስረዳኋት። የዚያን ቀን እራት ዘገየ።

መሪውን ሳልረሳው። ብሎኖቹን አላልቶ መሪውን ትንሽ ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ጀርባ ይቃናል፣ የእጅ አንጓ ያርፋል። አጥብቃችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን አስነሡና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ አዙሩት። ስታዞሩት ሞተሩ በራሱ ከጮኸ የጋዙ ካቦ ተወጥሯል፤ እንዲያ ሆኖ ኩርባ ላይ ከደረሳችሁ የሚመቻችሁ የሆስፒታል አልጋ ነው። በያጅ ጋ ወስዶ መሪ ማስቀጠል የሚባልም መላ አለ። በዚህ ሰፈር በብየዳ የተቀጠለ የአጥር በር ሲወድቅ ያየሁ ሰው ነፍሴን አላንጠለጥልበትም።

ለጣት ደግሞ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቆ ከመሪው ፊት ማሰር ነው። ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት እንጂ የጣርማበር ነፋስ እጃችሁ ላይ አይደርስም። የልጅ ልጄ ይህን ያየ ዕለት ከእኔ ጋር ገበያ መሄድ አቆመ። ጓደኞቹ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ሞተሬን በዘይቱ ስም ይጠሩታል አሉ። ይጥሩት።

ስፖንጁም፣ ሰፊውም፣ ሽቦውም ተደምሮ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይሞላም። ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ፤ መመቸቱ ታወቀብኝ። ዞር ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ሁሉ «ጋሼ፣ እስቲ ሞተርዎን ላንዳፍታ» ይላል። የዕድሩ ጸሐፊ መዋጮ ሊሰበስብ ይወስደዋል፤ ወገቡን ያመመው ጎረቤት ሐኪም ቤት ይሄድበታል፤ አንዷ ሙሽራ እንኳ አጎዛው ያምራል ብላ ፎቶ ተነሥታበታለች። ቤንዚን ሞልቶ የመለሰ ግን አላየሁም። እዚህ ላይ ለነዳጅ የሚያዝን ጠፋ!

ከሁሉ የሚገርመው ያ የስታይል ጌታ ነው። እሁድ ፀጉሩን ተቀብቶ መጣና አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ ቁልፉን ትሰጠኛለህ?» አለኝ። የራስህስ ሞተር? «እሷ በእኔኛው ስትሄድ ጀርባዋን ያማታል።» እሷ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ ወገብ ያላት ልጅ መሆኗ በቃኝ። ሰጠሁት። ማታ መልሶ ሲያቆመው መለኪያዬን ይዤ ወጣሁ። የኋላው ጎማ 40።

«ሁለት ስለሆንን ነው አባባ» አለኝ።

ለሁለት 32 ነው! ወረቀቱ እዚያው ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ ተለጥፏል። ማንበብ ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።